ስለ ቤት ኪራይ መያዣ ገንዘብና ስለ ግድግዳ ቀለም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው አሳብ በኪራይ ቤት የሚኖረውን የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የሚመለከት ስለ ሆነ፣ በአንባብያን አስተያየት ዓምድ ላይ ቦታ እንዲሰጠው በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ጨዋ ሰዎችን ሲያቀያይም፣ ሰላምታ ሲያስቀር፣ የወር ደመወዝ የሚያህል ገንዘብም ያለ ፍርድ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ሲያዛውር ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልሁም። ይኸውም ተከራይ ቤቱን ሲለቅ፣ የቤቱ ባለቤት «ለጽዳትና ለቀለም» እያለ ከመያዣው ገንዘብ ላይ የሚቀንሰው ሒሳብ ነው።

መያዣ፣ ብዙ ሰው ዲፖዚት እያለ የሚጠራው፣ ተከራዩ ቤቱን ሲረከብ ከኪራዩ ለይቶ በባለቤቱ እጅ የሚያስቀምጠው ገንዘብ ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው መያዣ ነው እንጂ ክፍያ አይደለም። ተከራዩ ቤቱን ቢያበላሽ ወይም የውኃና የመብራት ዕዳ ጥሎ ቢሄድ ባለቤቱ እንዳይጎዳ የተቀመጠ ነው፤ ጥፋት ካልተገኘ ግን ገንዘቡ የተከራዩ ነው። ይህን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ገንዘብ በሰው እጅ ጥቂት ዓመት ከቆየ፣ የያዘው ሰው ቀስ በቀስ የራሱ ይመስለዋል፤ መመለሱንም እንደ ስጦታ ይቆጥረዋል።

በራሴ ላይ የደረሰውን ላስረዳ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አራት ዓመት ከቤተሰቤ ጋር ተከራይቼ ኖርሁ። ስገባ 15,000 ብር መያዣ ሰጥቼ ነበር። ኪራይ አንድም ወር አላሳለፍሁም፤ የመብራትና የውኃም ዕዳ አልነበረብኝም። ስለቅ ባለቤቷ፣ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፣ ቤቱን ዞረው አዩና ለቀለም 10,000 ብር፣ ለጽዳት 2,000 ብር ቀንሰው 3,000 ብር በእጄ ሰጡኝ። «እማማ፣ ምን አጠፋሁ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ነጭ አድርጌ ሰጥቼህ ነበር፤ ነጭ አድርገህ መልስልኝ» አሉኝ።

እውነት ነው፤ ግድግዳው እንደ ገባንበት ቀን ነጭ አልነበረም። ከሶፋው በስተጀርባ የሰው ጀርባ የነካው ቦታ ጠቁሯል፤ የማድቤቱ ጣራ ጭስ ይዞታል፤ ሥዕል ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ከሌላው ተለይቶ ይታያል። ነገር ግን በአራት ዓመት ውስጥ በዚያ ቤት ስንት ጊዜ ወጥ ተሠርቷል? ስንት ቡና ተቆልቷል? ስንት በዓል ዕጣን ተጨሷል? እማማ ራሳቸውም ኪራይ ሊቀበሉ ሲመጡ ከዚያው ቡና ሦስተኛውን ሳይጠጡ ሄደው አያውቁም። ጭሱ የተጠራቀመው እኛ ስላጠፋን ሳይሆን በቤቱ ስለ ኖርንበት ነው። ለመኖራችን ደግሞ በየወሩ ኪራይ ከፍለናል። ስለ ጽዳቱም ቢሆን፣ ባለቤቴ ከመውጣታችን በፊት ሁለት ቀን ሙሉ ወለሉን ስትወለውልና መስኮቱን ስታጥብ ሰንብታለች።

ውላችን ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የተገዛ አንድ ገጽ ወረቀት ነበር። በላዩ የነበረው «ተከራይ ቤቱን እንደ ተረከበ ያስረክባል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ጠቡ ሁሉ የተነሣው ከዚህች ዐረፍተ ነገር ነው። እኔ «እንደ ተረከበ» ማለት ሳይሰበርና ሳይጎድል ማለት ነው አልሁ፤ እማማ ደግሞ ልክ እንደ አዲስ ሆኖ ማለት ነው አሉ። ቤቱ ስረከበው ምን እንደሚመስል የሚያስረዳ አንድም ጽሑፍ አልነበረንም። በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፣ በቃል ያለ ይረሳል ይባል የለም?

ነገሩን በመሥሪያ ቤት ባነሣው፣ ከእኔ የባሰ የደረሰባቸው ባልንጀሮች ብዙ ሆነው ተገኙ። አንዱ ስለ ጥቂት ምስማር ቀዳዳ መያዣው በሙሉ ቀርቶበታል። ሌላው ለቀለም ተብሎ ገንዘቡ ከተወሰደበት በኋላ፣ በሳምንቱ ዕቃ ረስቶ ቢመለስ ያው ግድግዳ ሳይቀባ አዲስ ተከራይ ገብቶበት አገኘ። ለቀለም የተወሰደው ገንዘብ ግድግዳው ላይ አልታየም ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ የጻፍሁትን ያነበበ ሁሉ እኔን ተበዳይ፣ እማማን በዳይ አድርጎ ይፈርድ ይሆናል። ነገር ግን ቀጥሎ ያለውን ካልጻፍሁ ሐሰተኛ እሆናለሁ። እኔም አከራይ ነኝ። እንደ ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ በዕጣ የደረሰኝ ቤት ከከተማው ዳር ስለ ሆነና ከመሥሪያ ቤቴም ከልጆቼ ትምህርት ቤትም ስለሚርቅ፣ እሱን አከራይቼ እኔ በሰው ቤት እኖራለሁ። ከእማማ ቤት ከመውጣቴ ሁለት ወር ቀደም ብሎ የእኔ ተከራይ የነበረ አንድ መምህር ቤቱን ለቀቀ። ከያዝሁበት 10,000 ብር ላይ ለተሰበረ የእጅ መታጠቢያ 3,500፣ ለቀለም 4,000 ብር ቀንሼ 2,500 ብር ሰጠሁት። ሰውዬው አመስግኖኝ ሄደ። እኔም ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በእማማ ተናድጄ ማታ ስነጫነጭ ባለቤቴ ሰምታ ሰምታ፣ «እማማ ባንተ ላይ ያደረጉትን አንተ በመምህሩ ላይ አድርገኸው የለም?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ተቀምጬ ነገሩን ባስበው፣ መታጠቢያውን የሰበረው ልጁ መሆኑን መምህሩ ራሱ ነግሮኛል፤ ይህ ጥፋት ነው፣ ሊከፍልም ይገባዋል። ቀለሙ ግን ቤቱ ለእኔ ሲተላለፍ የነበረው የመጀመሪያው ቀለም ነው፤ እኔ አንድ ቀን እንኳ አላስቀባሁትም። ያረጀ ቀለም በመምህሩ ገንዘብ ላድስ ነበር ማለት ነው። በማግሥቱ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁትና 4,000 ብሩን በባንክ ላክሁለት። የመታጠቢያውን አልመለስሁም፤ እሱም አልጠየቀኝም።

ከዚህ የተማርሁት፣ ነገሩ የክፉ አከራይና የደግ ተከራይ ጉዳይ አለመሆኑን ነው። ያው አንድ ሰው በጠዋት ተከራይ፣ ከሰዓት በኋላ አከራይ ሲሆን መለኪያው ይለዋወጥበታል። ለአከራይም ቢሆን ችግር አለበት፤ የቀለምና የሠራተኛ ዋጋ ከፍ ብሏል፤ የመብራት ዕዳ ትቶ በሌሊት ዕቃ የሚያወጣ ተከራይም አይጠፋም። እንደ እማማ ያለ ጡረተኛ የሚተዳደረው በዚያችው ኪራይ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገን ሁለቱም ወገን የሚስማሙበት አንድ መለኪያ ነው።

መለኪያውም ጥፋትንና እርጅናን መለየት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቤት ኪራይ ለብቻው ክፍል ሲሰጥ፣ ቤቱ በማርጀቱ ምክንያት የሚመጣ እድሳት የተከራይ ዕዳ እንዳልሆነ አመልክቷል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ቢሆንም አዋጅ በየቤቱ ገብቶ የግድግዳ ቀለም ሊመረምር አይችልም፤ ለ12,000 ብርም ሥራውን ትቶ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሠራተኛ ጥቂት ነው።

ሌሎች አገሮችም ይህ ጭቅጭቅ አስቸግሯቸው መላ ፈልገውለታል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አከራይ አብዛኛውን የመኖሪያ ቤት መያዣ ገንዘብ መንግሥት በፈቀደው የጥበቃ ድርጅት ዘንድ ማስመዝገብ አለበት። ጠብ ቢነሣ ባለጉዳዮቹ ከተስማሙ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ ገለልተኛ ሰው ማስረጃ አይቶ ይወስናል፤ የማስረዳቱም ሸክም በአከራዩ ላይ ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ደግሞ አከራይ ቤቱ በተለቀቀ በ21 ቀን ውስጥ መያዣውን መመለስ፣ የቀነሰውም ካለ ዝርዝሩን ጽፎ መስጠት አለበት።

እኛ ይህን ሁሉ እስክናደርስ ድረስ፣ ያለ ብዙ ወጪ ሊፈጸም የሚችል መስሎ የታየኝን አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቤት ሲረከቡ ሁለቱም ወገኖች ክፍል በክፍል ዞረው የበሩን፣ የመስኮቱን፣ የቧንቧውን፣ የግድግዳውን ሁኔታና የቆጣሪውን ንባብ ጽፈው ይፈርሙ። ቀለሙ የተቀባበት ወርና ዓመተ ምሕረትም ይጻፍ። ዛሬ በሁሉም እጅ ስልክ ስላለ ፎቶግራፍ ማንሣት ገንዘብ አይጠይቅም። ውል የሚመዘግቡ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም ይህን የርክክብ ወረቀት ከውሉ ጋር አያይዘው ቢቀበሉ ብዙ ጠብ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ ቀለም በዕድሜው ይታሰብ። ለምሳሌ ቀለም አምስት ዓመት ያገለግላል ብለን ብንስማማና ማስቀቢያው 10,000 ብር ቢሆን፣ የአንድ ዓመቱ ድርሻ 2,000 ብር ነው። አራት ዓመት የኖረ ተከራይ ግድግዳውን በጥፋቱ እንኳ ቢያበላሸው፣ የሚከፍለው የቀረውን የአንድ ዓመት ድርሻ 2,000 ብር እንጂ 10,000 ብር አይሆንም። አምስት ዓመት ከሞላው ምንም አይከፍልም።

ሦስተኛ፣ ጽዳት የሚለካው ቤቱ ሲሰጥ በነበረው ንጽሕና ነው። ባለቤቱ ቅር ካለው ቦታውን አሳይቶ ተከራዩ ራሱ እንዲያጸዳ አንድ ሁለት ቀን ይስጠው። ይህ ሳይደረግ ለጽዳት ተብሎ የሚቆረጥ ገንዘብ ቅጣት እንጂ ሒሳብ አይደለም።

አራተኛ፣ የሚቀነስ ካለ በዝርዝርና በደረሰኝ ይሁን፤ ቀሪውም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመለስ። ካልተስማሙም፣ የጋራ ሕንጻ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የተቋቋመው የቤት ባለቤቶች ማኅበር አንድ ሽማግሌ፣ ተከራዩም አንድ ሽማግሌ መርጠው ግድግዳውን በዓይናቸው አይተው ያስታርቋቸው።

ተከራዮችም ድርሻችንን እንወቅ። «የመጨረሻውን ወር ኪራይ ከመያዣው ያስቡት» ብሎ መጥፋት መያዣውን ዋጋ ያሳጣዋል። የተሰበረ ነገር ሲኖር በዕለቱ መናገር ይገባል። እኔ ራሴ ከእማማ ቤት ስወጣ የምስማሮቹን ቀዳዳ በስቱኮ ሳልደፍን መውጣቴ ጥፋት ነው፤ በሒሳቤም ቢሆን ለእሱ የሚገባቸውን ቢቀንሱብኝ ቅር አይለኝም ነበር።

ከእማማ ጋር እስከ ዛሬ አልተገናኘንም። የልጆቼ ስም በአፋቸው እየተጠራ አራት ዓመት የቆየ ጉርብትና በአንድ ከሰዓት በኋላ ፈረሰ። ያን ቀን ስገባ የተፈረመ አንድ ወረቀት ቢኖረን ኖሮ እሳቸው የሚገባቸውን፣ እኔም የሚገባኝን ወስደን፣ ቡናችንን ጠጥተን እንለያይ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አሁን ቤት ለመከራየትም ሆነ ለማከራየት የተዘጋጃችሁ ወገኖቼ፣ ቁልፍ ከመቀባበላችሁ በፊት ወረቀቱን እንድትጽፉ አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አከራይም ተከራይም የሆነ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ