«ወንድ አያረጅም» ያለው ማን ነው?

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። ተረቱ በዘሩ ለሚያፍር ሰው የተተረተ ነው። እኔን ግን ትዝ የሚለኝ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም እስከ ገበዝ ማርያም ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት በተነሡ ቁጥር ነው። የአባትየው ነገር ከወሬው መካከል ይሰወራልና። ያልወለደችን ሴት «በቅሎ» ብሎ የሚሰድብ አፍ ወንዱም በቅሎ እንደማይወልድ ይዘነጋል።

«ወንድ ልጅ አያረጅም» እንላለን። ስድሳ ዓመት የደፈነ ሰው ልጅ ቢያጣ የምትመረመረው ሚስቱ ናት፤ ጠበል የምትወርደው ሚስቱ ናት፤ የምትሳለው ሚስቱ ናት፤ በመጨረሻም የምትፈታው ሚስቱ ናት። በእርሷ ምትክ የልጅ ልጁ ልትሆን የምትችል ኮረዳ ትታጭለታለች። ያችኛዋም ሳትወልድ ብትቀር «ሴት አልወጣለትም» ተብሎ ይታዘንለታል። እኔ ይህን ልማድ የምቃወመው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ ሐሰት ነው፤ ሁለተኛ ግፍ ነው።

የጎጃም ገበሬ በማሳው ላይ እንዲህ ያለ ፍርድ አይፈርድም። በቆሎው ሳይበቅል ቢቀር ዝናቡን ይጠይቃል፤ አፈሩን ይጠይቃል፤ ዘሩንም ይጠይቃል። የየትኛው ዓመት ዘር ነው? ነቀዝ በልቶት ይሆን? እርጥበት አግኝቶት ይሆን? ይላል። ይህ ሁሉ አስተዋይነት ከእርሻው ተመልሶ የቤቱን ደጃፍ ሲረግጥ ወዴት ይጠፋል? በቤቱ ውስጥ ተከሳሽ የሚሆነው መሬቱ ብቻ ነው፤ ያውም ያለ ምስክር።

በእርግጥ የወንድ መውለድ እንደ ሴቷ በማረጥ አይዘጋም። ሴት የምትወለደው እንቁላሎቿን ይዛ ነው፤ እነርሱም ከዓመት ዓመት እያነሱ ይሄዳሉ። የወንድ ዘር ፍሬ ግን ዕድሜ ልኩን እንደ አዲስ ይመረታል፤ አንዱ ዙር ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። ስሕተታችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ምርቱ አዲስ ስለ ሆነ አምራቹም አዲስ ነው ብለን እንገምታለን። ዘሩን የሚያመነጩት ሕዋሳት ግን ከጉርምስና ጀምሮ ራሳቸውን ሲገለብጡ የኖሩ ናቸው። ቁም ጸሐፊዎችን ያፈራ አገር ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከቅጂ ላይ ቅጂ፣ ከዚያም ላይ ሌላ ቅጂ ሲገለበጥ ፊደል ይወድቃል፤ ቃል ይዘለላል። በ2012 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ፣ በአይስላንድ ቤተሰቦች ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ የአባት ዕድሜ በአንድ ዓመት በጨመረ ቁጥር ለልጁ የሚያስተላልፋቸው አዳዲስ የዘረ መል ለውጦች በአማካይ ሁለት ያህል ይጨምራሉ። አብዛኞቹ ጉዳት የላቸውም፤ ሲበረክቱ ግን የሚጎዳ ለውጥ የመገኘቱ ዕድል ያድጋል።

ዕድሜ የዘር ፈሳሹን መጠንም ሆነ የዘር ፍሬውን እንቅስቃሴ ይቀንሳል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በእንግሊዝ አገር የተሠራ ጥናት፣ ከ45 ዓመት በላይ የሆናቸው ወንዶች ሚስቶች ለማርገዝ የፈጀባቸው ጊዜ ከ25 ዓመት በታች ካሉት ጋር ሲነጻጸር አምስት እጥፍ ያህል እንደ ነበረ አስፍሯል። የባል ዕድሜ ከ40 ሲያልፍ ጽንስ የመጨንገፉም ዕድል እንደሚጨምር ሌሎች ጥናቶች አመልክተዋል። የአስወረዳትን ሴት «ማሕፀኗ አይቋጥርም» ብለን ስናማ ይህን የምናስብ ስንቶቻችን ነን? የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወቱ ዘመን የመካንነት ችግር ይገጥመዋል ብሏል። የችግሩ ምክንያት ከወንዱ ብቻ ወይም ከሁለቱም የሚሆንበት ጊዜ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ዕድሜ ብቻውን ጥፋተኛ ነው አልልም፤ በጊዜው ያልታከመ የአባላዘር በሽታ አለ፤ የስኳር ሕመም አለ፤ ሲጋራ አለ። ነገር ግን እነዚህም ቢሆኑ በወንዱ ገላ ላይ ያሉ ናቸው።

«አብርሃም በመቶ ዓመቱ ወልዶ የለምን?» የሚለኝ አይጠፋም። መልካም፤ መጽሐፉን በደንብ እንመልከተው። አብርሃም የልጅ ተስፋ ሲሰማ በልቡ ያሰበው አስቀድሞ የራሱን መቶ ዓመት ነው፤ የሣራ ዘጠና የተጠቀሰው ቀጥሎ ነው። ካህኑ ዘካርያስም ለመልአኩ በመጀመሪያ የተናገረው ስለ ራሱ ሽምግልና ነው፤ የኤልሳቤጥን ዕድሜ ያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ግንቦት 1 ቀን ንፍሮ ቀቅለን ልደታን ስናከብር የምናስባቸው ኢያቄምና ሐናም ነቀፌታውን አብረው ተሸከሙ፤ ጸሎቱንም አብረው ጸለዩ እንጂ ኢያቄም ሐናን አልፈታም። ተአምር ተብሎ የተጻፈውን የዘወትር ሕግ አድርጎ፣ በዚያም ሚስትን መክሰስ እምነትም ዕውቀትም አይደለም።

ግፉ ደግሞ ከሐሰቱ ይከፋል። አንዲት ሴት ሃያ ዓመት ጎጆ ካቀናች፣ ከብት ካረባች፣ አረም ካረመች በኋላ «መካን» የሚል ስም ተሸክማ ወደ ወላጆቿ ቤት ትመለሳለች። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ደንግጓል፤ በፍቺ ጊዜም የጋራ ንብረት እኩል ይከፈላል። የመሬት ይዞታ ደብተሩም የባልን ብቻ ሳይሆን የሚስትንም ስም ይይዛል። ስለዚህ «ዘር ልተካ ነው» ብሎ ሚስቱን ባዶ እጇን የሚሰድድና ሕፃን ልጅ የሚያጭ ሽማግሌ፣ ዘሩን ሳያስመረምር ሕጉን ሁለት ጊዜ ይጥሳል። እርሱን ተከትለው ለማጨት የሚሄዱት ሽማግሎችም ከጥፋቱ ነጻ አይደሉም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ባልና ሚስት አንድ ዓመት አብረው ኖረው ጽንስ ካልመጣ ሁለቱም በአንድ ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱ። የሴቷ ዕድሜ ከ35 ካለፈ ስድስት ወር ይበቃል። የወንዱ ምርመራ ከሴቷ ምርመራዎች ሁሉ ቀላል ነው፤ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከሩካቤ ታቅቦ የዘር ፈሳሹን መስጠት፣ ከዚያም በማይክሮስኮፕ መታየት ነው። አይወጋም፤ አያደማም። የሚቆስለው ኩራት ብቻ ነው። ከፍ ያለ ሕክምና ለሚያስፈልገውም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር በ2011 ዓ.ም. የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል አዲስ አበባ ላይ ተከፍቷል። ጠበሉንም አልነቅፍም፤ ባልም አብሮ ይጠመቅ እላለሁ እንጂ።

ወንድ ያርጃል። ማርጀት ነውር አይደለም፤ የእርጅናን ዕዳ በሚስት ስም መጻፍ ግን ነውር ነው።

ማሳውን አትክሰስ አልበቀለም ብለህ፣
ጎታህን ፈትሸው አስቀድመህ ገብተህ፤
ዘመን የማይነካው ማን አለና ከቶ፣
ጎታም ያረጅ የለም ከዘር ጋር ሰንብቶ?