የኢንተርኔት ጥሪ መቆራረጥና የቤት ውስጥ ራውተር

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ለምሳሌ በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር በዋትስአፕ፣ በኢሞ ወይም በቴሌግራም መነጋገር የዕለት ተዕለት ኑሮ አካል ሆኗል። ድምፅ ሲቆራረጥ ቀድሞ የሚታሰበው መፍትሔ ፍጥነቱ ከፍ ወዳለ ጥቅል መሸጋገር ነው። ይህ ግን በየወሩ ተጨማሪ ወጪ እያስከተለ ችግሩን ሳይፈታ ሊቀር ይችላል።

የድምፅ ጥሪ ከፍተኛ ፍጥነት አይጠይቅም፤ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 100 ኪሎቢት በሰከንድ በቂው ነው። ጥሪን የሚጎዳው መዘግየት ነው። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.114 በተሰኘው ምክረ ሐሳቡ፣ ድምፅ ከተናጋሪው ወደ ሰሚው በ150 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ቢደርስ እንደሚመረጥ፣ ከ400 ሚሊ ሰከንድ ማለፍ ግን እንደሌለበት ይገልጻል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያለው ርቀት ብቻውን ከዚህ ጉልህ ድርሻ ስለሚወስድ፣ ቤት ውስጥ የሚባክን ጊዜ ሊኖር አይገባም።

በመዳብ ሽቦ የኤዲኤስኤል አገልግሎት በሚያገኙ ቤቶች፣ ከቤት ወደ ውጭ የሚላክ መረጃ ፍጥነት ወደ ቤት ከሚገባው በእጅጉ ያነሰ ነው። በመሆኑም አንድ የቤተሰብ አባል ቪዲዮ ሲልክ፣ ወይም ስልኩ ፎቶግራፎችን በራሱ ጊዜ በኢንተርኔት ወደ መጠባበቂያ ሲያስቀምጥ፣ በራውተሩ ውስጥ ወረፋ ይፈጠራል፤ የተናጋሪው ድምፅም ከወረፋው ጀርባ ይቆማል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ደዋዩ ሌላውን ወገን በደንብ ይሰማል፣ የእርሱ ድምፅ ግን አይደርስም። «ሃሎ፣ ይሰማል?» እያሉ መደጋገም ለውጥ አያመጣም፤ የሚላከውን ፋይል ለጊዜው ማቆም ግን ያመጣል። አንዳንድ ራውተሮችም ለድምፅ ቅድሚያ የሚሰጥ ማስተካከያ አላቸው።

ሌላው ምክንያት ዋይፋይ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ እርስ በርሳቸው የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። በአንድ ሕንፃ ላይ በየቤቱ ራውተር ሲኖር፣ ሁሉም እነዚህኑ ይሻማሉ። የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ሰፊ ቢሆንም ግድግዳ ሲያቋርጥ ስለሚደክም፣ የሚጠቅመው ራውተሩ ባለበት ክፍል ሆኖ ለሚደውል ነው።

ጥቅል ከመቀየር በፊት ኮምፒውተርን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ፣ ሌሎች ስልኮችን ከዋይፋይ አላቅቆ ጥሪውን መሞከር ይገባል። ጥሪው ከጠራ ችግሩ ያለው ቤት ውስጥ ነው። ካልጠራ የመስመር ብልሽት ሊሆን ስለሚችል፣ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994 ደውለው ሙከራው በኬብል መደረጉንና የተደረገበትን ሰዓት ማስረዳት ይችላሉ።