የአያት ጋብቻ ማን ጋ ተጻፈ?

በጥቅምት 1909 ዓ.ም. የንጉሥ ሚካኤል የወሎ ጦር ወደ ሸዋ ሲገሰግስ ቶራ መስክ ላይ ቀድመው የገጠሙት ራስ ልዑልሰገድ አጥናፍሰገድ ነበሩ። ልዑልሰገድ ከብዙ ሠራዊታቸው ጋር እዚያው ወደቁ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤልም ተሸንፈው ተማረኩ። የጦርነቱ ታሪክ የሚለው ይህን ያህል ነው። የዘመድ ታሪክ ግን አንድ ነገር ይጨምራል፦ ቶራ መስክ ላይ የሞቱት ራስ የንጉሡ የልጅ ልጅ የወይዘሮ መነን አስፋው የቀድሞ ባል ነበሩ፤ በሰገሌው ድል አልጋ ወራሽነታቸው የጸናላቸው ራስ ተፈሪ ደግሞ የዚያን ጊዜ ባላቸው። የአያት ጦር የፊተኛውን ባል ገደለ፤ የኋለኛው ባል ወገን አያትን ማረከ።

መነን የአምባሰል ልጅ ናቸው። መጋቢት 25 ቀን 1883 ዓ.ም. እግዋ ላይ ተወለዱ፤ አባታቸው ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስሂን። ጃንጥራር የአምባሰል ገዥ ማዕረግ ነበር፤ በአገሪቱ ከቆዩት ማዕረጎች አንዱ ነው ይባላል። መነን ገና በልጅነታቸው ለደጃዝማች ዓሊ፣ ቀጥሎም ለደጃዝማች አመዴ ዓሊ ተዳሩ፤ ከሁለቱም ሁለት ሁለት ልጆች ወለዱ። ሦስተኛው ባል ልዑልሰገድ ሆኑ። ሐምሌ 24 ቀን 1903 ዓ.ም. ከተፈሪ መኰንን ጋር ተጋቡ። የዘር ሐረግ የሚስል ሰው እዚህ ሌላ ግራ መጋባት ይጠብቀዋል፤ የእናታቸው ወንድም የሆኑት ልጅ ኢያሱ የተወለዱት በ1887 ነው። አጎት ከእህቱ ልጅ ያንሳል።

መነን በኋላ እቴጌ ስለሆኑ አራቱም ጋብቻ ይታወቃል። በዚያው ዘመን በአምባሰል የተዳረች ተራ ወይዘሮስ? ውል ለመጻፍማ አገሩ አልሰነፈም፤ ከኢጣሊያ ጋር የተደረገው ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመው እዚያው አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ ነው። የሰማንያ ጋብቻ ግን የሚጸናው በሽማግሌና በዋስ ፊት ነበር፤ የእስላሙም ኒካሕ በምስክር። ምስክሮቹ ሲሞቱ ሰነዱም አብሮ ይቀበራል።

ብራና አለ ለሚል ሰው የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል ጥሩ መልስ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስጻፉት ይህ አራቱ ወንጌል በማይክሮፊልም ተነሥቶ ቁጥር 1832 ተሰጥቶታል፤ ቅጂው እስከ አሜሪካ ሚኒሶታ ድረስ ተጉዟል። በባዶ ቅጠሎቹ ላይ የገዳሙ ንብረት፣ የመጻሕፍቱ ዝርዝር፣ የተሰጠው መሬት ሰፍሯል። የገዳም ወንጌል የሚጠብቀው የገዳምን ሀብት ነው። የገበሬን ሠርግ እዚያ መፈለግ ቦታ መሳት ይሆናል፤ ፈላጊዋ ሴት የልጅ ልጅ ከሆነች ደግሞ ከገዳሙ በር አታልፍም።

ታዲያ የት ነበር የሚቀመጠው? በሁለት ቦታ። አንደኛው ሌላ ጋብቻ ላይ ነው። ልጅ ሊታጭ ሲል ሽማግሌዎች ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጥራሉ፤ በአባትም በእናትም። ሁለተኛውና ጠንካራው ርስት ነው። ርስት በእናት በኩልም ስለሚወረስ ተከራካሪው ቅድመ አያቱ ማንን አግብታ ማንን እንደወለደች በዳኛ ፊት መናገር ነበረበት፤ ባላጋራው ደግሞ አንዲት ስም ብትዘለል አይለቀውም። ስለዚህ ሴቲቱን በቃል ያቆያት ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ክርክር ነው። ከላይ እስከ ታች እንዲሁ ነበር፤ የመነን ወንዶች ልጆች አስፋው ዓሊና ገብረእግዚአብሔር አመዴ ጃንጥራር የተባሉት በእናታቸው አባት ቤት በኩል ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ጭሰኛውን ነፃ ያወጣ አዋጅ ነው፤ ማንም እንዲመለስ አይጠይቅም። ነገር ግን ዘር በቃል የሚያዝበትን ዋና ምክንያት ይዞት ሄደ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ቢደነግግም ስለ መዝገቡ የሚናገሩትን አንቀጾች በራሱ አንቀጽ 3361 አቆይቷቸው ነበር። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004፣ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። ርስት ከቀረ እስከዚያ 41 ዓመት። በእነዚያ ዓመታት በገጠር የተዳረችን ሴት ለርስት ብሎ የሚቆጥራት የለም፣ መዝጋቢም አልደረሰላትም። ከጥንቶቹ ይልቅ የምትጠፋው እሷ ናት።

ለሚፈልግ ሰው የአገሩ ልማድ አንድ ነገር ያቀልለታል። በብዙ የፈረንጅ አገር ሴት ስትዳር የአባቷን ስም ስለምትተው ፈላጊዋ ይደናገራል፤ እዚህ መነን አራት ጊዜ ተድረውም መነን አስፋው ናቸው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ቄስ የሚያውቃቸው በክርስትና ስማቸው፣ በወለተ ጊዮርጊስ ነው። አያታቸው ሚካኤልም በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ ክርስትና ሳያነሷቸው በፊት መሐመድ ዓሊ ነበሩ። ወሎ ውስጥ አንድ ቤተሰብ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን በኩል ተከፍሎ መገኘቱ ብርቅ ስላልሆነ በአንዱ በር ብቻ የጠየቀ ግማሹን ይዞ ይመለሳል።

ዘመኑን ማወቅ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፤ የእቴጌዋ የልደት ዓመት እንኳ በአንዳንድ መጻሕፍት 1881 ሆኖ ይገኛል። የአገሬው አዋቂ ዓመት አይጠራም፤ «ከክፉ ቀን በኋላ» ይላል፣ «ለሰገሌ ሲዘመት እርጉዝ ነበረች» ይላል። ክፉ ቀን የሚባለው ከ1880 ጀምሮ የነበረው ረሃብ ነው፤ ሰገሌ 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ጣልያን የገባው 1928። ሠርጉ ከሰገሌ በኋላ ሆኖ የሙሽራዋ እናት በኅዳር በሽታ ከመሞቷ በፊት ነው ከተባለ፣ ጋብቻው በሁለት ዓመት መካከል ተያዘ ማለት ነው። ብዙ የቤተሰብ ወረቀት ከዚህ የተሻለ አይነግርም።