ለኮምፒውተር ሲባል የሰው ስም አይቆረጥ

በመተማ ዮሐንስና በጋላባት መካከል የሚመላለስ ሕዝብ ስሙን በአማርኛም በዐረብኛም ሲጽፍ ኖሯል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም ብዙ ሰው በዚሁ በር ገብቷል። ኮምፒውተር በመጣ ጊዜ ደግሞ ስምን በላቲን ፊደል መጻፍ ግድ ሆነ። ሰዒድ፥ መስዑድ፥ ኢስማዒል በሚሉት ስሞች ውስጥ ዐይን የተባለው የዐረብኛ ፊደል አለ። ላቲን ለዚህ ድምፅ ፊደል ስለሌለው ብዙዎች ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ያኖሩለታል። በአማርኛ ንባብ ዐይኑ ዐና አልፋው አ አንድ ስለ ሆኑ ነገሩ ትንሽ ይመስለን ይሆናል፤ ለዐረብኛ ተናጋሪ ግን ሙሉ ፊደል ነው።

ችግሩ የሚነሣው ሰርቨሩ ከመዝገብ ያወጣውን ስም ለጃቫስክሪፕት ፈንክሽን ሲያቀብል ነው። በእኛ ፊደል ለማሳየት ያህል፥ በአዝራሩ ላይ አሳይ('ሰ'ዒድ') ተብሎ ይወጣል። ጃቫስክሪፕት ከሰ ቀጥሎ ያለውን ምልክት የስሙ መጨረሻ አድርጎ ይወስደዋል፤ የቀረው ትርፍ ሆኖበት ትእዛዙን በሙሉ ይተወዋል። ስለዚህ የከበደ አዝራር ይሠራል፤ የሰዒድ ቢጫኑት ዝም ይላል።

አንዳንዶች ምልክቱን ከመዝገብ እንሰርዘው ይላሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የሰውየው አንዱ ማስረጃ ከሌላው ሳይስማማ ሲቀር የሚንከራተተው ባለስሙ እንጂ ፕሮግራም ጸሓፊው አይደለም። ደግሞም አያድንም፤ አድራሻ በሁለት መስመር ቢጻፍ ትእዛዙ ያው ይሰበራል። ከዚህ የከፋው፥ ተንኮለኛ ሰው በስም ቦታ ትእዛዝ ቢጽፍ በሌላው ሰው ብራውዘር ላይ ሊፈጸምለት ይችላል።

ሌሎች ምልክቱን በኤችቲኤምኤል የቁጥር ኮድ ይለውጡታል። ብልሃት ይመስላል፤ በአዝራሩ ውስጥ ለተጻፈ ትእዛዝ ግን አይበቃም። ብራውዘሩ በመጀመሪያ ኤችቲኤምኤሉን አንብቦ ኮዱን ወደ ምልክትነቱ ይመልሰዋል፤ ለጃቫስክሪፕት የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። አንባቢው ሁለት ስለ ሆነ ስሙ መጀመሪያ በጄሰን፥ ቀጥሎ በኤችቲኤምኤል ሥርዐት መዘጋጀት አለበት። ፒኤችፒ ለሁለቱም የተሰናዳ ፈንክሽን አለው። ጄሰን ጥቅሱን ራሱ ስለሚጨምር እኛ የጻፍነው ይነሣ። (ፊደላችንን ወደ ቁጥር ቢለውጠው አያስደንግጥ፤ ጃቫስክሪፕት መልሶ ያነበዋል።)

እኔ የምመርጠው ግን ስምን ከትእዛዝ መለየትን ነው። ስሙ በአዝራሩ ላይ ዳታ በተባለው ባሕርይ ይቀመጥና ጃቫስክሪፕት ሄዶ ያንብበው፤ በገጹም ላይ እንደ ተራ ጽሑፍ ያሳየው። ያን ጊዜ የኤችቲኤምኤሉ ጥንቃቄ ብቻ ይበቃል።

በኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ ለመሞከሪያ የምንጽፈው ሁልጊዜ አበበና ከበደ ነው። በመጪው ዓመት በሰዒድና በመስዑድ እንድንጀምር መምህራኖቻችንን እጠይቃለሁ።