ዘፈኑ አንድ፣ ፍርዱ ሁለት



ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር «ጨዋ ሴት አትዘፍንም» የሚል ሰው ቢኖር አገሩን አያውቀውም እንላለን። በሠርግ የሚያዜሙት እነማን ናቸው? ወፍጮ ላይ ተደፍታ ብሶቷን በእንጉርጉሮ የምታወጣውስ ማን ናት? ለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጇ ግጥም ስትደረድር፣ ጎራዳ የያዘ ሽማግሌ ሳይቀር እንባውን በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል እንጂ «ዝም በይ» አይላትም።

ታዲያ ነውሩ የሚመጣው መቼ ነው? ያቺው ሴት የሟችን ጀግንነት ትታ የራሷን ልብ ስትዘፍን ነው። ማንን እንደ ወደደች፣ ማን እንደ ከዳት በመድረክ ላይ ቆማ፣ ያውም ገንዘብ ተከፍሏት ከተናገረች ስሟ በአንድ ሌሊት ይለወጣል። እርግጥ አዝማሪም በአገራችን ክብሩ ሙሉ ሆኖ አያውቅም። ቢሆንም መሰንቆውን አንግቶ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ሲዞር ቢያድር ሙያው ይናቅ ይሆናል እንጂ ጠባዩ አይመረመርም። ከጎኑ ቆማ የምትቀበለው ሚስቱ ግን ድምፅዋ ሳይሆን አልጋዋ ይጠየቃል።

የዘመናዊውን ዘፈን ግጥም ደግሞ እንመልከት። ወንዱ ዘፋኝ በአንድ ዘፈን የጎጃሟን ዓይን፣ የወሎዋን አንገት፣ የጎንደሯን ጥርስ አወድሶ ሲጨርስ «የአገር ፍቅር ያለው ልጅ» ተብሎ ይጨበጨብለታል። አንዲት ሴት ተነሥታ የዳሞቱን ጎረምሳ ትከሻ፣ የመንዙን ቁመት፣ የየጁን ፈገግታ በተራ ብታወድስ ምን እንደምትባል ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ዘፈን ግን ቢደረስ እኛ ለመስማት ፈቃደኞች ነን።

አስናቀች ወርቁ እ.ኤ.አ. በ2011 ስታርፍ በክራሯ ያልተደሰተ የለም ተባለ፤ በወጣትነቷ ዘመን ክራር ይዛ የምትዘፍን ሴት እንዴት ትታይ እንደ ነበር ግን ታላላቆቻችን ያውቁታል። ብዙነሽ በቀለ ከክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ጋር፣ አስቴር አወቀ ከሮሃ ባንድ ጋር የቆሙት በዚሁ ዓይን ሥር ነው። ጂጂም የሩቅ ሰው አይደለችም፤ የቻግኒ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ ያወጣችው አልበም ውጭ አገር ሲመሰገን ሁላችንም «የእኛ ናት» አልን። ዛሬ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄድ ሚኒባስ ሾፌሩ የአስቴርን ዘፈን ከፍ አድርጎ ሲከፍት ተሳፋሪው ሁሉ አብሮ ያንጎራጉራል። እኅቱ ዘፋኝ ልሁን ብትለው እሺ የሚል ግን ከመካከሉ ስንት ይገኛል?

ሕጉ እንኳን ከእኛ ቀድሟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ብሎ የጋብቻ ዕድሜን ለይቶ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው። የሕጉ ሁለት መስፈሪያ ተነሣ፤ የጆሮአችን አልተነሣም።

ይህን የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው የባህል ምሽት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጓደኛችን በየተራ የፍቅር ዘፈን አሰምተው ነበር። በማግሥቱ በምሳ ሰልፍ ላይ ወንዱ «አርቲስት» ተብሎ ተሞካሸ፤ እርሷን የተከተላት ስድብ ግን በዚህ ገጽ የሚጻፍ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሴቶች ስማቸውን ከሙዚቃ ክበብ አሠርዘዋል። የሰደቡት እኮ ያልተማሩ የገጠር ሰዎች አልነበሩም፤ እኛው ነን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች።

ስለዚህ ክበቡን ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ልምምዱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት መሆኑ ቀርቶ ከቀኑ አሥር ሰዓት ይሁን፤ ሴቶቹ በጨለማ ሲመለሱ የሚያያቸው ሁሉ ወሬ እየፈጠረባቸው ነው። ደግሞም በሚቀጥለው ምሽት የመክፈቻው ዘፈን ለሴት ይሰጥ፤ ግጥሙንም ራሷ ትምረጥ። የክበቡ ኃላፊዎች የሚሉት ካላቸው በሚመጣው እትም ቦታ እንለቃለን።