የኳንተም ዜና ስትሰሙ ቁጥሩን ብቻ አትዩ

ጓደኛችሁ ሳሊተ ምሕረት ታክሲ ተራ ቆሞ ቢደውልና ቢያንሾካሹክ፣ የስልካችሁን ድምፅ መጨመር ብዙም አይረዳችሁም፤ የረዳቶቹ ጩኸትም አብሮ ይጨምራል።

የኳንተም ኮምፒውተርም ፈተና ይኸው ነው። ዜናው የሚቆጥረው ኪዩቢት ነው፤ የጎግሉ ዊሎው 105 አለው። ግን የኪዩቢቱን መልስ ይዞ የሚወጣው የማይክሮዌቭ ሲግናል እጅግ ደካማ ነው። ተራ ማጉያ የራሱን ጫጫታ ጨምሮ ይውጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀበለው ከሱፐርኮንዳክተር የተሠራ፣ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ ማጉያ ነው። ልቡ የጆሴፍሰን መገናኛ ይባላል፤ የ2025 የፊዚክስ ኖቤልም የተሰጠው በዚሁ መገናኛ ለተሠራ ሙከራ ነው።

እኛስ የት ነን? አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2019 ከደቡብ አፍሪካው ዊትስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲስማማ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አባል ለሆነበት የአፍሪካ ምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ጥምረትም በሩ እንደሚከፈት አስታውቆ ነበር። ግን ማሽኑን በኢንተርኔት መጠቀም ሌላ፣ መሥራት ሌላ።

ደስ የሚለው፣ ሲግናሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ጊጋኸርዝ ነው፤ የዋይፋያችሁ ሰፈር ማለት ነው። ማቀዝቀዣው ውድ ነው። ማይክሮዌቭንና ጫጫታን መለካት ግን እዚሁ መማር ይቻላል።