መጽሐፍ ብቻውን ቋንቋን አያድንም

ሰው ቢሞት ልጁ ስሙን ያስጠራለታል፤ ቋንቋ ሲሞት ግን ስሙን የሚያስጠራ ልጅ አይቀርለትም። ስለዚህ ለቋንቋ ማሰብ የሚገባው ተናጋሪው በሕይወት ሳለ ነው እንጂ ከተቀበረ በኋላ አይደለም።

ለዚህ ነገር የጋፋት ቋንቋ በቂ ምስክር ነው። ይህ ቋንቋ ከግዕዝና ከአማርኛ ጋር የአንድ ዘር ሲሆን በዓባይ ወንዝ አጠገብ ይነገር ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን በዚሁ ቋንቋ አስተርጕሞ ወሰደ፤ መጽሐፉም በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ከዚያም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1947 ቮልፍ ሌስላው የተባለው ሊቅ ቋንቋውን ሊመረምር መጥቶ፣ ብዙ ከደከመ በኋላ ያገኘው ተናጋሪ አራት ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ አንድም የለም። መጽሐፉ ቀረ፤ አንደበቱ ግን ጠፋ።

ግዕዝም ከቤትና ከገበያ ከወጣ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል። ዳሩ ግን እስከ ዛሬ የቈየው በብራና ስለ ተጻፈ ብቻ አይደለም፤ መምህሩ ተማሪውን በፊቱ አስቀምጦ ንባቡን ስላስጠናው፣ ዜማውን ስላስቀጸለው፣ ቅኔውን ስላስቈጠረው ነው። እንግዲህ ቋንቋን የሚያኖረው የሚያስተምር አፍ፣ የሚቀበል ጆሮና የሚነገርበት ቦታ ነው።

ዛሬ በጋፋት መንገድ ላይ ካሉት አንዱ፣ በደቡብ ኦሞ በወይጦ ወንዝ ዳር የሚኖረው የኦንጎታ ሕዝብ ቋንቋ ነው። ሕዝቡ ጥቂት ሆኖ በጐረቤቱ በጸማይ ቋንቋ መናገርን ስለ ለመደ፣ ሊቃውንት ሄደው በመረመሩ ጊዜ የአባቶችን ቋንቋ አጥርተው የሚያውቁ ሆነው የተገኙት ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ቋንቋው ከየትኛው ዘር እንደሚቈጠር እንኳ ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙም።

ጋብቻውም ገበያውም በጐረቤት ቋንቋ ስለሆነ ወላጆችን መውቀስ አይገባም። ነገር ግን የሕፃን አእምሮ ሁለት ቋንቋ ለመያዝ አይጠበውም፤ አንዱን ለመማር ሌላውን መጣል ግዴታ አይደለም።

ይህንንም የኒው ዚላንድ ማኦሪዎች በሥራ አሳይተዋል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1972 ከ30,000 በላይ ሰዎች የፈረሙበትን አቤቱታ ለፓርላማ አቀረቡ፤ በ1982 አረጋውያን ሕፃናትን በቋንቋቸው የሚያሳድጉበትን፣ የቋንቋ ጎጆ የተባለውን ቤት ከፈቱ፤ በ1987 ቋንቋቸው በሕግ የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። ሕዝቡ ቀደመ፤ ሕጉ ተከተለ።

በኢትዮጵያ ግን ሕጉ ቀድሞ ተገኝቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዲኖራቸው ደንግጓል። ይሁን እንጂ ሕግ በር ይከፍታል እንጂ ሕፃንን አያናግርም። ስለዚህ ሹማምንት አስቀድሞ ባለቤቱን ሕዝብ ሊጠይቁ፣ ሽማግሌውንና ሕፃኑን የሚያገናኝ ቦታ ሊያዘጋጁ፣ የተቀዳውም ድምፅ ከመንደሩ ርቆ እንዳይቀር ሊጠብቁ ይገባል። የጉባኤ ቤት ሊቃውንትም ከአፍ ወደ ጆሮ የማስተላለፍን ሥርዓት ከማንም ይልቅ ያውቁታልና ምክራቸው ይጠቅማል።

የሽማግሌ ዕድሜ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እስኪፈረም አይጠብቅም። የጋፋት አራቱ ሰዎች በተገኙ ጊዜ ቀኑ መሽቶ ነበር፤ ለኦንጎታ ግን ፀሐይ ፈጽማ ሳትጠልቅ መድረስ ያሻል።